በፕላን ላይ አረንጓዴ የተቀባ ሜዳ፦ ምን ይፈቀድበታል፣ ማንስ ሊለውጠው ይችላል?

ጥያቄ፤ ከጡረተኛ መምህርት፣ ሳቢያን

ለመድረኩ አባላት በሙሉ ሰላምታዬ ይድረሳችሁ። የምኖረው በድሬዳዋ ሳቢያን አካባቢ ሲሆን፣ ከቤቴ ደጃፍ ፊት ለፊት ሰፈሩ ሁሉ «ሜዳው» እያለ የሚጠራው ሰፊ ቦታ አለ። በእርምጃዬ ስለካው ርዝመቱ 140፣ ወርዱ 90 ያህል ነው። እንደምታውቁት በእኛ ከተማ ሰው ከቤቱ የሚወጣው ፀሐይዋ ስትበርድ ነውና፣ ከ11 ሰዓት በኋላ ልጆች በአራት ድንጋይ ጎል ሠርተው ኳስ ይጫወቱበታል፣ አዛውንቶች ምንጣፍ ዘርግተው ነፋስ ይቀበሉበታል፤ ለቅሶም ሆነ ሠርግ ሲኖር ድንኳን የሚተከለው እዚያው ነው። በምሥራቁ ጠርዝ እኔና ጎረቤቶቼ ከስድስት ዓመት በፊት የተከልናቸው የኒም ዛፎች አሉ። ስንተክላቸው 16 ነበሩ፤ አምስቱ በመጀመሪያው በጋ ደረቁብን፣ የቀሩትን 11 ግን በቢጫ ጀሪካን ውኃ እያመላለስን አሳድገናቸው ዛሬ ከቤቴ ጣሪያ በላይ ሆነዋል።

ባለፈው ወር ሁለት ሰዎች መጥተው ጫፉ ቀይ የተቀባ ችካል ተክለው ሄዱ። ምን እንደሆነ ብጠይቃቸው «ቦታው ለመዝናኛ ማዕከል ሊሰጥ ነው» አሉኝ። በማግሥቱ ጉዳዩ ይመለከተዋል ወደተባለው ጽሕፈት ቤት ሄድኩ። አንድ ወጣት ባለሙያ በትሕትና ተቀብሎ የከተማውን ፕላን በኮምፒውተሩ ከፍቶ አሳየኝ፤ ሜዳችን አረንጓዴ ተቀብቷል። ደስ ብሎኝ ልነሣ ስል «መዝናኛም እኮ በአረንጓዴው ውስጥ የሚፈቀድ ነው» አለኝ። ጠረጴዛው ላይ በነበረው ቅጽ ግን ስለዚያው ሜዳ «ባዶ ቦታ» ተብሎ ተጽፎ በዓይኔ አየሁ።

ጥያቄዎቼ እነዚህ ናቸው። በፕላን ላይ ለመናፈሻና ለመዝናኛ የተከለለ መሬት በትክክል ምን ምን አገልግሎት ይፈቀድበታል? ካፌ፣ የሠርግ አዳራሽ፣ የመኪና ማቆሚያ ከዚህ ይመደባሉን? ምደባውን የመለወጥ ሥልጣን ያለውስ ማን ነው? እኛ ነዋሪዎች የይዞታ ካርታ የለንም፤ ያለን ዛፎቹና ልጆቻችን ብቻ ናቸው። በዚህ አቋማችን ሕግ ይሰማናል ወይ?

መልስ፤ ከአንድ የከተማ ፕላን ባለሙያ፣ ከዚራ ሰፈር፣ ድሬዳዋ

የተከበሩ መምህርት፣ ጥያቄዎን ሁለት ጊዜ አነበብኩት፤ ሙያዬ ስለሆነም በስፋት ልመልስ።

በቅድሚያ ቀለሙ ብቻውን በቂ እንዳልሆነ መረዳት ያስፈልጋል። በከተማ ፕላን አዋጅ ቁጥር 574/2000 መሠረት መዋቅራዊ ፕላን፣ ማለትም የከተማው አጠቃላይ ፕላን፣ ካርታው ከነማብራሪያ ጽሑፉ ነው፤ ሕጋዊ አስገዳጅነት ያላቸውም ሁለቱ አንድ ላይ ናቸው። ካርታው በከተማ ደረጃ የተሣለ በመሆኑ የሚያሳየው ዋናውን የመሬት አጠቃቀም ብቻ ነው። በዚያ አረንጓዴ ቀለም ሥር የሰፈር መጫወቻ ሜዳ፣ የከተማ መናፈሻ፣ የስፖርት ማዘውተሪያ፣ የወንዝ ዳር መከለያ፣ የችግኝ ጣቢያ፣ አንዳንድ ጊዜም የመቃብር ቦታ ተጠቃለው ሊገኙ ይችላሉ። ለመጫወቻ ሜዳ የሚፈቀደው ለወንዝ ዳር መከለያ አይፈቀድም። ስለዚህ ካርታውን ካዩ በኋላ ቀጥለው የሚጠይቁት «ይህ ቁራሽ መሬት በማብራሪያው ውስጥ በየትኛው ዓይነት ተመድቧል? የተፈቀዱና የተከለከሉ አገልግሎቶቹስ የትኞቹ ናቸው?» የሚል መሆን አለበት። ለሰፈርዎ የአካባቢ ልማት ፕላን ተሠርቶ ከሆነ እሱንም ይጠይቁ፤ የሜዳው ወሰን በሜትር ተለክቶ የሚገኘው በእሱ ላይ ነው።

ከዚያ ቀጥሎ ያለው ጉዳይ «መዝናኛ» የሚለው ቃል ነው፤ በሥራ ዘመኔ ይህን ያህል ጥፋት ያስከተለ ቃል አላየሁም። በፕላን ቋንቋ መዝናኛ ሲባል ሰው በነፃ ገብቶ የሚጫወትበት፣ የሚቀመጥበትና የሚንሸራሸርበት ክፍት ቦታ ማለት ነው። በንግድ ቋንቋ ደግሞ መዝናኛ ማዕከል ሲባል ምግብና መጠጥ የሚሸጥበት፣ አዳራሽ የሚከራይበት፣ ሙዚቃ የሚሰማበት ቤት ይሆናል። ሁለቱ በአንድ ቃል ስለሚጠሩ አንዱ የሌላውን ፈቃድ ይዞ ይገባል። ባለሙያው የነገረዎት ሐሰት ነው ማለቴ አይደለም፤ ነገር ግን ስለየትኛው መዝናኛ እንደሚናገር ማብራራት ነበረበት።

እኛ በሥራችን ዋና አገልግሎትና ተጓዳኝ አገልግሎት ብለን እንለያለን። የመናፈሻ ዋና አገልግሎቱ ክፍትነቱ ነው። መጸዳጃ ቤት፣ የጥበቃ ጎጆ፣ የውኃ ቧንቧ፣ ውኃና ሻይ የሚሸጥባት ትንሽ ኪዮስክ ዋናውን የሚያግዙ በመሆናቸው ተጓዳኝ ናቸው። አንድ ነገር ተጓዳኝ መሆኑን የምለይበት ቀላል መንገድ አለኝ፦ ሜዳውን በሐሳብዎ ያንሡትና የቀረው ነገር ብቻውን መቆም ይችል እንደሆነ ይመልከቱ። ኪዮስኳ ያለ ሜዳው ደንበኛ አይኖራትም። የሠርግ አዳራሹ ግን ሜዳው ኖረም አልኖረም ይሠራል፤ እንዲያውም ሜዳውን ለመኪና ማቆሚያነት ይፈልገዋል። እንዲህ ያለው ተጓዳኝ መባሉ ቀርቶ ዋናው አገልግሎት ተለውጧል ማለት ነው፤ ለውጥ ከሆነ ደግሞ በአንድ ጠረጴዛ ላይ በሚሞላ ቅጽ የሚያልቅ ሳይሆን ፕላኑን ወዳጸደቀው አካል ተመልሶ የሚቀርብና ነዋሪው የሚወያይበት ጉዳይ ነው።

«ባዶ ቦታ» ስለተባለው ልጨምር። መናፈሻ ባዶ ቦታ አይደለም፤ አገልግሎት ላይ ያለ ቦታ ነው። ፎርም ላይ ባዶ ተብሎ የተጻፈ መሬት ነገ «ወደ ልማት የሚገባ» ይባላል። እንዲታረም በጽሑፍ ይጠይቁ፤ ቃሉ «ክፍት የሕዝብ መገልገያ ቦታ» መሆን አለበት።

መልስ፤ ከአንድ ጠበቃ፣ ድሬዳዋ

የፕላን ባለሙያው ካሉት ላይ የሕጉን ወገን ላክልበት።

ከሁሉ አስቀድሞ ችካሉን ማንም እንዳይነቅል ለልጆቹም ሆነ ለጎረቤቶችዎ ይንገሩ። ነገሩ ወደ ክርክር ቢሄድ ችካል ነቃይ ሆኖ የሚቀርብ ወገን ጥሩ ጉዳዩን በገዛ እጁ ያበላሻል። ይልቁንስ ችካሎቹ ያሉበትን ቦታ ቀኑ በሚታይበት ፎቶግራፍ አንሥታችሁ አስቀምጡ።

የይዞታ ካርታ የለንም ያሉት አያሳስብዎ። ሜዳውን «የእኛ ነው» ብለው ከተነሡ በእርግጥ ካርታ ይጠየቃሉ፣ ዛፍ መትከልም በራሱ የይዞታ መብት አይሰጥም። እርስዎ የሚሉት ግን «የሕዝብ ነው» ነው። የ1952 የፍትሐ ብሔር ሕግ ከቁጥር 1444 ጀምሮ ባሉት አንቀጾች ሕዝብ በቀጥታ እንዲገለገልበት የተተወን የመንግሥት ንብረት ከሌላው የመንግሥት ንብረት ለይቶ ይመለከተዋል። በቁጥር 1454 እንዲህ ያለው ንብረት ለሕዝብ አገልግሎት መሆኑ ቀርቷል ተብሎ ካልተገለጸ በቀር ለሌላ ሊተላለፍ እንደማይችል፣ በቁጥር 1455 ደግሞ ማንም ለረጅም ጊዜ ይዤዋለሁ በማለት ባለቤት ሊሆንበት እንደማይችል ይደነግጋል። የመጀመሪያው የጽሑፍ ጥያቄያችሁ ሊሆን የሚገባው እንግዲህ «ይህ ሜዳ ከሕዝብ አገልግሎት ውጭ ሆኗል የሚል ውሳኔ ተሰጥቷልን? ከተሰጠስ መቼና በማን?» የሚል ነው። ከልምዴ እንደማውቀው ለዚህች አንዲት ጥያቄ ሰነድ የሚቀርብላት ከስንት አንድ ጊዜ ነው።

ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 43 ዜጎች ማኅበረሰባቸውን በሚመለከቱ ፕሮጀክቶች ላይ ሐሳባቸውን እንዲሰጡ የመጠየቅ መብት እንዳላቸው፣ በአንቀጽ 44 ደግሞ ሁሉም ሰው ንጹሕና ጤናማ በሆነ አካባቢ የመኖር መብት እንዳለው ይደነግጋል። ፕሮጀክቱ በድምፅ፣ በፍሳሽ ወይም በጢስ አካባቢን የሚበክል ከሆነ የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 በአንቀጽ 11 ማንኛውም ሰው የግል ጥቅሙ መነካቱን ማስረዳት ሳያስፈልገው አቤቱታ እንዲያቀርብ ይፈቅዳል። ይህ ለእርስዎ ትልቅ በር ነው፤ «አንቺ ምን አገባሽ?» የሚለውን ጥያቄ ይዘጋዋልና።

ሰነድ ለማግኘት የመረጃ ነፃነት አዋጅ ቁጥር 590/2000ን ጠቅሳችሁ በጽሑፍ ጠይቁ። መልስ የሚሰጥበት ጊዜ 30 ቀን ነው። ማመልከቻችሁን በሁለት ቅጂ ይዛችሁ ሂዱና በእናንተ ቅጂ ላይ የመዝገብ ቤቱን ማኅተምና የተቀበሉበትን ቀን ሳታስጽፉ አትመለሱ። በቃል የተጠየቀ ነገር እንዳልተጠየቀ ይቆጠራል።

ሌላም አለ። የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624/2001 ግንባታ ከመጀመሩ በፊት የፕላን ስምምነት እንዲገኝ ይጠይቃል፤ ይኸውም ሊሠራ የታሰበው ነገር በቦታው ላይ ከጸደቀው ፕላን ጋር የሚስማማ ስለመሆኑ የሚሰጥ ማረጋገጫ ነው። የግንባታ ፈቃዱ ከመውጣቱ በፊት እዚህ ላይ መድረስ ከቻላችሁ ግማሹን መንገድ ሄዳችኋል። መሠረት ከተጣለ በኋላ ግን ክርክሩ ስለ ሜዳው መሆኑ ይቀርና ስለ ካሳ ይሆናል።

መልስ፤ ከአንድ የካፌ ባለቤት፣ ድሬዳዋ

የሁላችሁንም አክብሮ፣ በዚህ ጉዳይ ላይ የተለየ ሐሳብ አለኝ። እዚሁ ከተማ ውስጥ ለ15 ዓመት ካፌ ሠርቻለሁ። ክፍት ሆነው የቀሩ ብዙ ቦታዎች ምን እንደደረሰባቸው ሁላችንም እናውቃለን፦ የግንባታ ፍርስራሽ ይደፋባቸዋል፣ ላስቲክ ይሞላባቸዋል፣ ማታ መብራት ስለሌላቸው ሴቶች ሊያልፉባቸው ይፈራሉ። እርስዎና ጎረቤቶችዎ በጀሪካን ውኃ አመላልሳችሁ ዛፍ ማሳደጋችሁ የሚያስመሰግን ነው፤ ነገር ግን ከከተማው ስንት ሰፈር እንዲህ ያደርጋል? ውኃው፣ ጥበቃው፣ ጽዳቱ ገንዘብ ይጠይቃል። በአንድ ጥግ ላይ ያለች ካፌ ኪራይ ከፍላ፣ ዛፎቹን አጠጥታ፣ መብራት ዘርግታ፣ መጸዳጃ አዘጋጅታ ሜዳውን በሕይወት ልታቆየው ትችላለች። ነጋዴ ሁሉ መሬት ሊወስድ የመጣ ተደርጎ መታየቱ ያሳዝነኛል።

መልስ፤ ከከተማ ፕላን ባለሙያው

ወንድሜ፣ የተናገሩት እውነትነት አለው፤ እኔም ካፌ አይግባ አላልኩም። ልዩነቱ የሚመጣው ውሉ ላይ ነው። ካፌዋ የምትይዘው ስፋት በካሬ ሜትር ተጽፎ፣ አጥር እንደማታጥር፣ ወደ ሜዳው መግባት በነፃ እንደሚሆን፣ መጸዳጃውን ያልገዛ ሰውም እንደሚጠቀምበት፣ ዛፎቹን በሳምንት ስንት ጊዜ እንደምታጠጣ፣ ድምፅ ማጉያ እስከ ስንት ሰዓት እንደምትጠቀም ተዘርዝሮ ቢፈረም የመጀመሪያው ደጋፊ እኔ ነኝ። ያየኋቸው ውሎች ግን አብዛኞቹ የሚናገሩት ስለ ኪራዩ መጠንና ስለ ዘመኑ ብቻ ነው፤ ስለ ሜዳው አንድም መስመር የላቸውም። ከዓመት በኋላ ካፌዋ ወንበሯን ሜዳው መሐል ድረስ ትዘረጋለች፣ ቀጥሎ ለወንበሮቹ ጥላ ይሠራል፣ ለጥላው አጥር ይመጣል። በ2004 የወጣው የሊዝ አዋጅ የከተማ መሬት በሊዝ የሚተላለፈው በጨረታ ወይም በምደባ (ያለ ጨረታ በመንግሥት ውሳኔ) እንዲሆን ደንግጎ ሳለ፣ ጨረታም ምደባም ሳይኖር በወንበር የተላለፈ መሬት ብዙ አይቻለሁ።

መልስ፤ ከአንድ የታዳጊዎች እግር ኳስ አሠልጣኝ

እኔ ስለ ሕጉ የምለው የለኝም፤ ስለ ሜዳው መጠን ግን አለኝ። የመምህርታችንን እርምጃ 70 ሳንቲ ሜትር ብንወስደው ሜዳው 98 በ63 ሜትር ገደማ ይሆናል። በእግር ኳስ የጨዋታ ሕግ የሜዳ ርዝመት ከ90 እስከ 120፣ ወርዱ ከ45 እስከ 90 ሜትር መሆን አለበት። ስለዚህ ይህ የሰፈር ሜዳ ሙሉ ጨዋታ የሚያስተናግድ ነው፤ ከዳር ለመሮጫ የሚተወውን ካሰብን ግን የሚተርፍ ነገር የለውም። «ከዳሩ ትንሽ ብቻ ነው የምንወስደው» ሲሏችሁ ይህን ቁጥር ያዙ። ከተወሰነ ሜትር በኋላ የቀረው ቦታ ሜዳ መሆኑ ያበቃል፤ ግማሽ ሜዳ ላይ ግማሽ ጨዋታ አይደረግም።

ርዝመቱ ወደ የት እንደሚመለከት ብትነግሩኝ ደስ ይለኛል። ጎሎቹ በሰሜንና በደቡብ ሲሆኑ በ11 ሰዓት ፀሐይ የበረኛውን ዓይን አትወጋም። ልጆች ማታ ማታ በሚጫወቱበት በእኛ ከተማ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም፤ «ሌላ ቦታ በልዋጭ እንሰጣችኋለን» ሲባልም መጠየቅ ያለበት ጉዳይ ነው። ስፋቱ እኩል የሆነ ቁራሽ ሁሉ ልዋጭ አይሆንም።

መልስ፤ ከአንድ የሐረር ነዋሪ

ከሐረር ሰላም ብያለሁ። እዚህ ጉዳያችን ከእናንተ የተለየ ቢመስልም ሥሩ አንድ ነው። በግንብ የታጠረው የድሮው ከተማችን ጀጎል በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ የሰፈረው በ1998 ዓ.ም. ሐምሌ ላይ ነው። ብዙ ሰው የተመዘገበው ግንቡና በሮቹ ብቻ ይመስለዋል። ነገር ግን በምሥራቅና በደቡብ ምሥራቅ በኩል ከተማዋ ከግንቡ ውጭ ስላልተስፋፋች፣ ግንቡ ዛሬም ከእርሻና ከዛፍ ጋር ፊት ለፊት የሚተያይበት ገጽታ የቅርሱ አካል ሆኖ ይታያል። ያ ክፍት መሬት ቢገነባበት ግንቡ ሳይነካ ቅርሱ ይጎዳል። ለዚህ ነው በግንቡ ዙሪያ መከለያ ቀጠና የሚያስፈልገው፤ ቅርስን የሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 209/1992ም በቅርስ አካባቢ ለሚደረግ ሥራ ቅድመ ፈቃድ ይጠይቃል።

ይህ ሁሉ ጥበቃ እያለን እንኳ እኔ በምኖርበት በኩል የደረሰውን ልንገራችሁ። ልጆቻችን የሚጫወቱባት አንዲት ጠባብ መሬት ነበረች። በጀጎል ውስጥ አብዛኞቹ መንገዶች ጠባብ ስለሆኑ ልጆች ኳስ ይዘው የሚወጡት ከበሩ ውጭ ነው። አንድ ቀን በቆርቆሮ ታጠረች። ስንጠይቅ «ጊዜያዊ ነው፣ ዕቃ ማስቀመጫ ነው» ተባለ፤ እኛም አመንን። ከስምንት ወር በኋላ ቆርቆሮው ሲነሣ ከሥሩ የድንጋይ መሠረት ወጥቶ አየን። ያን ጊዜ ያልጠየቅነው ነገር አንድ ነበር፦ ጊዜያዊ የተባለው ከየትኛው ቀን እስከ የትኛው ቀን ነው? መምህርት፣ «ጊዜያዊ» የሚል ቃል በሰሙበት ሁሉ የማብቂያውን ቀን በጽሑፍ ያስጨምሩ።

መልስ፤ ከአንድ የድሬ ልጅ፣ ኒውዮርክ

ተወልጄ ያደግኩት ድሬዳዋ ውስጥ አዲስ ከተማ በሚባለው ሰፈር ነው፤ አሁን የምኖረው ኒውዮርክ ሲሆን የምሠራውም ከሕንፃ ፈቃድ ጋር የተያያዘ ሥራ ነው። የዚህ አገር ሕግ እዚያ አይሠራም፤ አሠራሩ ግን ለሐሳብ ይጠቅም ይሆናል ብዬ ነው የምጽፈው።

ኒውዮርክ የመጀመሪያውን የቀጠና ደንብ (የትኛው ቦታ ለመኖሪያ፣ የትኛው ለንግድ እንደሚውል የሚወስነውን) ያወጣችው በ1916 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው። ዛሬ በሚሠራበት ደንብ የሕዝብ መናፈሻ በማናቸውም የግንባታ ቀጠና ውስጥ አይገባም፤ በካርታው ላይ መናፈሻ መሆኑ ብቻ ይመለከታል። ማለትም መኖሪያ ወይም ንግድ የሚል ስም ከሥሩ ተደብቆ የሚጠብቀው አይደለም። መሬቱ ተሸጦ ወይም ተለውጦ ከመናፈሻ መሥሪያ ቤቱ እጅ ቢወጣ፣ አዲስ የቀጠና ምደባ በሕጉ ሥርዓት ወጥቶ እስኪጸና ድረስ ምንም ዓይነት የግንባታ ፈቃድ አይሰጥበትም፣ ምንም አገልግሎትም አይፈቀድበትም። ከዚህ በላይ ደግሞ በኒውዮርክ ግዛት አንድ ከተማ የመናፈሻን መሬት ለሌላ ጥቅም ለማዋል ወይም ለማስተላለፍ ቢፈልግ የግዛቱን ሕግ አውጪ ምክር ቤት ፈቃድ ማግኘት አለበት። በ2001 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር የግዛቱ የመጨረሻው የበላይ ፍርድ ቤት ከተማው በቫን ኮርትላንድ መናፈሻ ሥር የውኃ ማጣሪያ ለመገንባት እንኳ ይህ ፈቃድ እንደሚያስፈልገው ወስኗል፤ ግንባታው ከመሬት በታች ሆኖ፣ ላዩ ተመልሶ መናፈሻ ሊሆን ታስቦ እያለ ማለት ነው።

ከዚህ ለእኛ የሚጠቅመው ሐሳብ ቅደም ተከተሉ ነው። ፈቃዱ ቀድሞ ምደባው የሚከተል ከሆነ መናፈሻ አይኖርም።

መልስ፤ ከከተማ ፕላን ባለሙያው

ከኒውዮርክ የተጻፈውን ሳነብ ስለራሳችን ከተማ አንድ ነገር ሳልጨምር ማለፍ አልቻልኩም። ድሬዳዋ በ1895 ዓ.ም. የባቡሩ ሐዲድ ሲደርስ የተቆረቆረች ከተማ ናት። ከዚራ የምትባለው ሰፈር ቀጥ ብለው የተቀየሱ መንገዶቿንና የዛፎቿን ጥላ ያገኘችው መሬት ከመሸንሸኑ በፊት ፕላን ስለተሠራላት ነው። አበባው እንደ እሳት የሚቀላውን ዛፍ አገሩ በሙሉ «የድሬዳዋ ዛፍ» ብሎ እስከ መጥራት የደረሰው በዚያ ጥላ ምክንያት ይመስለኛል። ከዚያ ወዲህ የተሠሩት ሰፈሮች ግን ጥላቸውን ያገኙት እንደ መምህርት ባሉ ሰዎች ጀሪካን ነው።

ሌላው ከተማችንን አቋርጦ የሚያልፈው የደቻቱ ወንዝ ነገር ነው። ሐምሌ 30 ቀን 1998 ሌሊት የመጣው ጎርፍ ከ200 በላይ ሰዎች ገድሏል። ደቻቱ አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ አሸዋ ነው፤ ውኃው የሚመጣው ከደቡቡ ተራራ በመሆኑ ከተማው ላይ ጠብታ ሳይወርድ ወንዙ ሊሞላ ይችላል። ሰው አሸዋውን ደረቅ ሲያየው ባዶ መሬት ይመስለውና ይሠራበታል። የወንዝ ዳር መከለያ በፕላን ላይ አረንጓዴ ሲቀባ ለመናፈሻ ውበት ብቻ አይደለም፤ ውኃው የሚተኛበት ቦታ እንዲያገኝ ነው። የመምህርት ሜዳ ከደቻቱ የራቀ ቢሆንም ዝናብ ሲጥል ውኃ የሚሰርግበት መሬት እንደመሆኑ ሥራው አንድ ነው። ይህን በአቤቱታችሁ ውስጥ ብታሰፍሩት መልካም ነው።

በመንግሥት የከተማ ልማት መመሪያዎች ስለሚጠቀሰው የ30፣ 30፣ 40 ስሌትም ልብ በሉ፦ ከከተማው መሬት 30 በመቶ ለአረንጓዴና ክፍት ቦታ፣ 30 በመቶ ለመንገድና መሠረተ ልማት፣ 40 በመቶ ለግንባታ ማለት ነው። ስሌቱ መልካም ነው፤ ነገር ግን የመንገድ አካፋይ ሣርና የግል ግቢ አትክልት ከ30ው ውስጥ ከተቆጠሩ ልጅ የሚሮጥበት አንድም ሜዳ ሳይኖር ቁጥሩ ሊሞላ ይችላል። «የእኛ ሰፈር ድርሻ የት ነው?» ብላችሁ ቦታው በጣት እንዲጠቆምላችሁ ጠይቁ።

ከጠያቂዋ፤ ከ12 ቀን በኋላ

ለሁላችሁም ምስጋናዬ ከልብ ነው። ማመልከቻውን ጠበቃው እንዳሉት በሁለት ቅጂ አዘጋጅተን፣ 63 የሰፈሩ ነዋሪዎች ፈርመንበት፣ በእኛ ቅጂ ላይ ማኅተምና ቀን አስደርገን ተመልሰናል። «ባዶ ቦታ» የሚለው እንዲታረም ለብቻው ጠይቀናል። ከሕዝብ አገልግሎት ውጭ ተደርጓል የሚል ውሳኔ ካለ ቅጂው እንዲሰጠንም ጠይቀናል።

አሠልጣኙ በደግነት ባለፈው ቅዳሜ በ12 ሰዓት ሜትር ይዘው መጥተው ከልጆቹ ጋር ለካን። ርዝመቱ ከሰሜን ወደ ደቡብ 97፣ ወርዱ 64 ሜትር ነው። የችካሎቹ መስመር ከምሥራቁ ጠርዝ 20 ሜትር ወደ ውስጥ ገብቶ አገኘነው። ለልጆቹ የሚቀረው ወርድ 44 ሜትር ነው፤ አሠልጣኙ ከጻፉት ከ45 በአንድ ሜትር ያንሳል። 11ዱም ዛፎች ደግሞ ከችካሉ ወዲያ፣ ሊወሰድ በታሰበው በኩል ቀርተዋል።

አሁን የምጠይቀው ስለ ዛፎቹ ነው። በአቤቱታው ላይ «11 ዛፎች አሉ» ብዬ መጻፌ በቂ ነው ወይስ ሌላ ማድረግ ያለብኝ ነገር አለ?

መልስ፤ ከከተማ ፕላን ባለሙያው

በቂ አይደለም። በአንድ ሙሉ ወረቀት ላይ የሜዳውን ቅርጽ በለካችሁት ሜትር መሠረት ሣሉ፤ እያንዳንዱ ዛፍ ከሰሜኑና ከምሥራቁ ጠርዝ ስንት ሜትር እንደሚርቅ ለክታችሁ ከ1 እስከ 11 ቁጥር ስጡት። የግንዱን ዙሪያ መጠን በደረት ቁመት ላይ በልብስ ሰፊ ሜትር ለኩና ከጎኑ ጻፉት፣ አንድ አንድ ፎቶግራፍም አያይዙ። ችካሎቹንም በዚያው ሥዕል ላይ በቀይ አመልክቱ። በ2006 የወጣው የከተማ መሬት ይዞታ ምዝገባ አዋጅ እያንዳንዱ ቁራሽ መሬት ተለክቶ በመዝገብ እንዲሰፍር ያለመ ነውና፣ ሥዕሉን ስታስገቡ ሜዳው በሕዝብ መገልገያነት የራሱ መለያ ቁጥር ተሰጥቶት እንዲመዘገብ በዚያው ደብዳቤ ላይ ጠይቁ። ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ጊዜ አለኝ፤ ሥዕሉን አብረን እንሥራው።